ማርሊስ ሳትከፍት የጠረገችው ቅርንጫፍ

ማርሊስ ቶርገርሰን ቆሻሻ አትወድም። ይሄ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ችግሩ እሷ ቆሻሻ የምትለው ነገር መብዛቱ ነው። ዱሉት በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ዳገት ላይ በምትሠራበት ትንሽ ቢሮ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ምግብ የረሳ ሰው ዓርብ ከሰዓት ምግቡን አያገኘውም። ስሙን ቢጽፍበትም ያው ነው። ማርሊስ ክዳኑን ከፍታ አሽትታ ፊቷን ካጨማደደች አለቀለት። ኦርቪል ኪቪስቶ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣው ስንቴ እንደተጣለበት ራሱም አያውቀውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ መሽተት እኮ ነው የዚህ ዓሣ ሥራው!» ይላታል።

«እንግዲያው ቤትህ ወስደህ ሥራውን አሠራው» ትለዋለች።

ይህን አመሏን ከአባቷ ነው የወረሰችው። አባቷ በሐይቁ ላይ የብረት ማዕድን በሚያመላልሱ መርከቦች ላይ መካኒክ ነበር፤ አንድ መፍቻ ከቦታው ከተነቃነቀ መርከብ ይሰምጣል ብሎ ነው ያሳደጋት። ባሏ ደግሞ «ካንቺ ጋር መኖር ሙዚየም ውስጥ እንደ መኖር ነው» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ማርሊስ አላለቀሰችም አይባልም፣ አልቅሳለች፤ ግን መጀመሪያ እሱ ያዝረከረከውን ጋራዥ ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ ነው።

የቢሮው እንጀራ በረዶ ነው። በረዶ ጠራጊ መኪኖች የትኛውን ጎዳና በየትኛው በኩል እንዲጠርጉ የሚነግር ፕሮግራም ይጽፋሉ። የሚጽፉትን የሚያስቀምጡት ጊት በሚባለው ሥርዓት ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ እያንዳንዱ ከዋናው ግንድ የራሱን ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ሲጨርስ መልሶ ከግንዱ ጋር ያዋህደዋል። ከተዋሐደ በኋላ ቅርንጫፉ ለምንም አይፈለግም። ሰው ግን ሰው ነውና እዚያው ጥሎት ይሄዳል። እነዚህን ሙት ቅርንጫፎች እየለቀመ የሚያጠፋ ማንም አልተሾመም፤ ማርሊስ ራሷን ሾመች። ደንብም አወጣች፤ ሥራውን ሁሉም ወደሚጋራው ዋና ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ የላከ ሰው የራሱን ኮምፒውተር ያጽዳ፤ ሳምንታት ሙሉ ያልተነካ ቅርንጫፍ እንደ ሞተ ይቆጠር።

ደንቡን ሁሉም እያጉረመረመ ያከብረዋል፣ ከኦርቪል በቀር። ኦርቪል ከማርሊስ ጋር ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ አብሯት የሠራ፣ እኩያዋ የሆነ፣ እሷን ማብሸቅ እንደ ደመወዝ የሚቆጥር ሰው ነው። ለቅርንጫፎቹ የሚያወጣላቸው ስም እንኳ እሷን ለማናደድ ነው። አንዱን «ሙዝ» ይለዋል፣ ሌላውን «ይሄ-ደግሞ-ምንድን-ነው»፣ አንዱን ደግሞ «ለማርሊስ-እንዳትነግሯት»። እሷም አንድ በአንድ ትሰርዛቸዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ከማቀዝቀዣው ይልቅ እነሱን ስትሰርዝ ነው የሚጥማት።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ኦርቪል የዳሌ አጥንቱን በሰው ሠራሽ አስቀይሮ ቤቱ ተኛ። ዓርብ ከሰዓት ማርሊስ እንደ ልማዷ ሙት ቅርንጫፎችን ስትቃኝ «የአማቴ-ጉልበት» የሚል ስም አየች። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሳምንታት ሙሉ ማንም አልነካውም።

«ተኝቶም አላርፍ አለ!» አለችና ሰረዘችው።

ለአንድ የዓሣ ሣህን እንኳ ክዳን የምትከፍት ሴት፣ ቅርንጫፉን ገልጣ አላየችውም።

ጊት በባሕርዩ ደግ ነው። ቅርንጫፍ አጥፋ ሲሉት የሚያነሣው ስሙን ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ምናልባት ይጸጸት ይሆናል ብሎ ሥራውን ያለ ስም ጥግ ላይ ለሳምንታት ያቆየዋል። ማርሊስ ግን ስም የሌለው ነገር ጥግ ላይ ተኝቶ እያለ እንቅልፍ አይወስዳትም። ከሰርቨሩም፣ ከራሷ ኮምፒውተርም፣ ስም የለሹን ሁሉ አሁኑኑ ጥረግ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች። ጊት ጠረገ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፤ ጠረጴዛዋን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ካፖርቷን ማንሣት ጀመረች።

ይሄኔ አለቃቸው ክሌይ በበሩ ብቅ አለ።

«ማርሊስ፣ ማክሰኞ የከተማው የበረዶ ጠረጋ ኃላፊ ትመጣለች። የዳገቶቹን ሥራ ነው የምናሳያት።»

«የትኛውን የዳገቶች ሥራ?»

«የኦርቪልን ነዋ! ክረምቱን ሙሉ ከሹፌሮቹ ጋር መኪና ላይ ተቀምጦ ሲዞር ለምን ይመስልሻል? የትኛው ቁልቁለት መቼ ወደ በረዶ ግግር እንደሚለወጥ በየጎዳናው ለቅሞ ጽፎታል። ወደ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ጨርሶ ልኮታል። ስሙን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? የአማቴ ጉልበት!» ክሌይ ሳቀ። «አማቱ በረዶ ሲመጣ ጉልበቷን ያማታል አሉ። አየሽው አይደል?»

«አዎ» አለች።

«ቆንጆ ነው አይደል?»

«ንጹሕ ነው» አለች ማርሊስ፤ ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ክሌይ ሲወጣ ካፖርቷን ሰቅላ ተመልሳ ተቀመጠች። ሰርቨሩን ፈተሸችው፤ ባዶ። መጠባበቂያው ቅጂ ሰርቨሩን ተከትሎ ወዲያው ራሱን የሚያድስ ነውና እሱም ከሰርቨሩ እኩል ባዶ ሆኖ ጠበቃት። የቀራት አንድ ተስፋ ነበር። ጊት እያንዳንዱ ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ የቆመበትን ሥራ ሁሉ እርምጃ በእርምጃ ይመዘግባል፤ አንድ ጊዜ የቆሙበትንም ሥራ፣ ጥረግ ቢሉት እንኳ፣ እንዲህ በቀላሉ አይጠርገውም። የራሷን የእርምጃ መዝገብ ከፈተችው። የራሷ ሥራ አለ። የክሌይ አለ። ለልምምድ መጥታ የነበረች የአንዲት ተማሪ ሥራ ሳይቀር አለ። በኦርቪል ቅርንጫፍ ላይ ግን አንድም ጊዜ ቆማበት አታውቅም፤ «የአማቴ ጉልበት» ላይ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ላይ። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ስሙን ብቻ እያየች ነበር የምትሰርዘው። ማርሊስ በዚህ እንዳፈረችው በሌላ ነገር አፍራ አታውቅም፤ ግን ለማፈር ጊዜ አልነበራትም። ስልኳን አነሣች።

«ኦርቪል፣ እንዴት ነህ? ዳሌህ?»

«ማን ልበል?»

«ማርሊስ ነኝ።»

«የቷ ማርሊስ? ያቺ የምታውቀኝ ማርሊስ እንዴት ነህ ብላኝ አታውቅም።»

«አትቀልድ። እንዲያው ... ያ የዳገቶቹ ሥራህ፣ ኮምፒውተርህ ላይ አለ አይደል?»

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ወደ ሰርቨሩ ከላክሁት በኋላ ቅርንጫፉን ከራሴ ላይ ሰረዝኩት። ደንቡ እኮ ነው! አንቺ ነሽ ያወጣሽው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብሽን ባከብር ምስጋና የለም?»

«አመሰግናለሁ» አለች ማርሊስ። እንዲህ ያለ መራራ ምስጋና ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ ነው። ነገ መጥቼ ልጠይቅህ አስቤ ነበር።»

«ምነው፣ ሐኪሙ ለኔ ያልነገረኝን ላንቺ ነገረሽ እንዴ?»

ስልኩን ስትዘጋ ግን ልቧ መለስ ብሎ ነበር። ኦርቪል ቅርንጫፉን ሰርዟል እንጂ ኮምፒውተሩን እንደሷ አልጠረገም፤ ኦርቪል ምን ጠርጎ ያውቃል? የእርምጃ መዝገቡ እዚያ ነው። ላፕቶፑን ለጥቂት ደቂቃ ብቻዋን ብታገኘው፣ ሥራውን አውጥታ፣ ስሙን መልሳ፣ ወደ ሰርቨሩ ልካ፣ ማንም ሳያውቅ ነገሩ ይዘጋል። የኦርቪል ዝርክርክነት ነፍሷን እንደሚያተርፋት ስታስብ ግን ጥርሷን ነከሰች።

ቅዳሜ የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ሆትዲሽ የሚሉትን የአገሩን የምድጃ ምግብ ሠራች፤ ከሥሩ የተፈጨ ሥጋና የእንጉዳይ ሾርባ፣ ከላዩ ድንች እንደ ሰልፈኛ ተደርድሮበት። ድንቹ መሥመሩን የሳተ አልነበረም። በሩን የከፈተችላት የኦርቪል ሚስት ቬርና ነች።

«ውይ ማርሊስ! ምን አስቸገረሽ፣ ይሄን ሁሉ!»

«ምንም አይደል፣ ተራ ነገር ነው።»

«አይሆንም፣ በጣም በዛ።»

«ኧረ ያዢው።»

«እንግዲያው ከኛ ጋር ትበያለሽ።»

«ኧረ አልቆይም» አለች ማርሊስ፤ በአገሩ ወግ ይህ ማለት ካፖርቴን ውሰጂልኝ ማለት ነው።

ኦርቪል ሳሎን ውስጥ ከፍ ባለ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ላፕቶፑ በአጠገቡ የለም። ማርሊስ ዓይኗን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስታንከራትት አየና «ምን ጠፋብሽ?» አላት።

«ምንም። ላፕቶፕህስ?»

«ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ አትውጣ ተብያለሁ። ቬርና ደግሞ ሥራ አትንካ ብላ አታወርድልኝም።»

ማርሊስ መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ውሸት አወጣች። ውሸት ስለማታዘወትር እንደ ማስታወቂያ አነበነበችው። «አንድ አስቸኳይ የደህንነት ማሻሻያ መጥቷል። በሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ መጫን አለብኝ።»

«በቅዳሜ?»

«ቫይረስ ቅዳሜ አያውቅም።»

«እውነትሽን ነው፣ ቫይረስ አረመኔ ነው» አለ ኦርቪል፣ ፊቱ ላይ አንድም ነገር ሳይነበብ። «ውጪ፣ ውጪ። በስተቀኝ ያለው ክፍል ነው። ግን እንዳትጠርጊው!»

ክፍሉ ጉድ ነበር። ላፕቶፑ ከሹራብ፣ ከዓሣ ማጥመጃ መንጠቆና ከባዶ ስኒዎች በታች ነው የተገኘው። የማርሊስ እጅ ስኒዎቹንም ሊሰበስብ፣ ላፕቶፑንም ሊከፍት ፈለገ፤ ስኒዎቹን ግን አልነካችም። ላፕቶፑን ስትከፍተው የይለፍ ቃል ጠየቃት።

«ኦርቪል!» ብላ ወደ ታች ተጣራች። «የይለፍ ቃልህ ምንድን ነው?»

«ማርሊስ ሁልጊዜ ልክ ናት!» የሚል ድምፅ ከታች መጣ።

«እሱን ተወውና የይለፍ ቃልህን ንገረኝ!»

«እሱ ነው እኮ! ሳይነጣጠል ጻፊው፣ መጨረሻው ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት አለው። ቀይር ቀይር ስትዪኝ ጊዜ፣ በየቀኑ ስከፍተው እንዲያበሽቀኝ ብዬ ነው።»

ከታች የቬርና ሳቅ ተሰማ። ማርሊስ በገዛ ጣቷ ሁልጊዜ ልክ መሆኗን ጽፋ ገባች፤ የዚያን ዕለት ያን ያህል ያልተስማማት ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

የእርምጃ መዝገቡ እንዳሰበችው ሳይነካ ቁጭ ብሏል። ከላይ የመጨረሻው እርምጃ አለ፤ ኦርቪል ወደ ዋናው ግንድ የተመለሰበት። ከሥሩ የዳገቶቹ ሥራ ወደ ታች ይወርዳል። ጊት ሥራ በተቀመጠ ቁጥር ምን እንደተሠራ አንድ መሥመር ጻፍ ይላል፤ ኦርቪልም ጽፏል፤ ከታች ወደ ላይ አነበበችው።

«የአሽላንድ ዳገት ገባ። ማርሊስ ስሙ ረዘመ ማለቷ አይቀርም።»

«ስሙ አጠረ። አሁን ደግሞ ግልጽ አይደለም ልትል ነው።»

«ግልጽ አደረግኩት። እስቲ አሁን ምን ትይ ይሆን፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ከሐይቁ ነፋስ የሚመጣባቸው ጎዳናዎች ተለዩ። ይቺን እንኳ ትወዳታለች።»

ማርሊስ የመጣችበትን አልረሳችም። የመጨረሻውን የሥራ እርምጃ መለያ ቁጥር ወሰደች፣ በዚያ ላይ «የአማቴ-ጉልበት» የሚለውን ስም መልሳ አቆመች፣ ወደ ሰርቨሩ ላከችው። ጊት ተቀበለ። አለቀ። ሥራው ቦታው ተመልሷል፣ ማንም አላወቀም፣ ቀሪው ላፕቶፑን ከድኖ ወደ ሆትዲሹ መውረድ ብቻ ነው።

አልከደነችውም። «ይቺን እንኳ ትወዳታለች» የምትለዋን ከፈተቻት፣ እስቲ ምን እንደሆነች ልይ ብላ። ወደደቻት። ከዚያ በላይዋ ያለውን ከፈተች። የሹፌሮቹ ወሬ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ የትኛው መታጠፊያ ላይ የጠራጊው መኪና ምላጭ ከፍ ይላል፣ የትኛው ጎዳና ጠዋት ደኅና ሆኖ ከሰዓት ጥላ ሲያርፍበት ይከዳል። ኦርቪል ዝርክርክ ሰው ነው፣ ይሄ ግን የዝርክርክ ሰው ሥራ አልነበረም። ማርሊስ የኦርቪልን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ለምን እንደመጣችም ረሳች።

የታምራክ ጎዳና ላይ ስትደርስ ደሟ ፈላ።

«ኦርቪል!» ብላ ጮኸች፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ። «በሌሎቹ ቁልቁለቶች ሁሉ መጀመሪያ አሸዋ በታኙን፣ ቀጥሎ ጠራጊውን ነው የምትልከው። ታምራክ ላይ ብቻ ገለበጥከው! አሸዋ ሳይበተን ጠራጊውን በግግሩ ላይ ቁልቁል? ሹፌሩን ሐይቅ ውስጥ ልትከተው ነው?»

ማርሊስም በጮኸችበት አፏ ላይ እጇን ጫነች።

«ማርሊስ» አለ ኦርቪል ከታች፣ ቀስ ብሎ። «የደህንነት ማሻሻያው መንገድም ያነባል እንዴ?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል ይቺ ናት። ላፕቶፑን ታቅፋ ደረጃውን ወረደች። ቬርና ሥራ ትዝ እንዳለው ሰው ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

«ዓርብ ዕለት ሰረዝኩት» አለች ማርሊስ ቆማ። «ሥራህን። ከሰርቨሩም ከኔም ጠርጌ አጠፋሁት። ማሻሻያ የሚባል ነገር የለም። ልመልሰው ነው የመጣሁት፣ መልሼዋለሁም። ሳታውቅ እንዲያልፍ ፈልጌ ነበር።»

«አውቄ ነበር።»

«ከመቼ?»

«ከዓርብ። ቅርንጫፌ ሲሰረዝ ሰርቨሩ በስልኬ መልእክት ይልክልኛል። ሰርቨሩን የገጠመው ማን ሆነና? ለሙዝም ልኮልኛል፣ ለሁሉም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ስደውልልህ እየሳቅህብኝ ነበር?»

«በጣም። ቬርናን ጠይቂያት።»

«በጣም!» አለች ቬርና ከወጥ ቤት።

ማርሊስ ልትቆጣ ፈለገች፣ የምትቆጣበት መብት ግን አልነበራትም። ኦርቪል እግሩን እያመቻቸ ሳቁን ቀነሰ።

«ስሚኝ። ቬርናን ለምኜ ላፕቶፑን አስወርጄ እኔው እመልሰው ነበር። ግን ተናደድኩ፣ ልዋሽሽ አልችልም። ክረምቱን ሙሉ ነው የሠራሁት። ክሌይ ስሙን ሰምቶ ሳቀ፣ አበቃ። የከተማዋ ኃላፊ የምታየው ካርታውን ብቻ ነው። ውስጡን ገልጦ የሚያነብ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ሳይገልጥ ሰረዘው። ስለዚህ ትፈልገው፣ ስትፈልግ ምናልባት ታነበው ይሆናል አልኩ።»

ኦርቪል እጁን ለላፕቶፑ ዘረጋ።

«አሁን ታምራክ ያልሽውን አሳዪኝ።»

አሳየችው። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው፤ ፊቱ ላይ የነበረው ተንኮል ሁሉ ጠፋ። «ታምራክ የቡክ መንገድ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቡክ ክረምቱን ሙሉ አጠገቡ አስቀምጦት የዞረው ሹፌር ነው። «ለልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲል የማለዳውን ተራ ወስዷል። ማክሰኞ ቢታይ፣ ረቡዕ በረዶ ቢጥል ... በዚያ ግግር ላይ፣ በማለዳ ...»

«ማንም አልሄደበትም» አለች ማርሊስ። «ገና ወረቀት ላይ ነው። እናስተካክለዋለን።»

አስተካከሉት። ሁለት መሥመር ቦታ ማለዋወጥ ብቻ ነበር፤ ማርሊስ ግን ደጋግማ ሞከረችው፣ ኦርቪልም ለመጀመሪያ ጊዜ አላጉረመረመም። ቬርና ሣህን እያስቀመጠች ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ኦርቪል። ዓይኑ ከስክሪኑ ላይ አልተነሣም። «ባትሰርዢው ኖሮ፣ ታነቢው ነበር?»

ለዚህ የሚሆን ውሸት ቀላል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አፏ ለውሸት ተፍታትቶ ነበር። ማርሊስ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው።

«አላነበውም ነበር» አለች።

ኦርቪል ራሱን ነቀነቀ። ሳቀም፣ ግን ሳቁ ዘግይቶ ነው የመጣው።

«ቁጭ በይ እንግዲህ» አላት። «ገና ሌሎቹ ጎዳናዎች አሉ።»